አዋሽ ዳር ድንኳን ሲተከል

የዛሬው ዝግጅት የሚያመራው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። አዳማንና መተሐራን ያለፈ መንገደኛ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ከመድረሱ በፊት የፓርኩን በር ያገኛል። ከአውራ ጎዳናው በስተደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ተዘርግቷል። ሳላዎች ቀጥ ያለ ረጅም ቀንዳቸውን አቅንተው ደረቁን ሣር ሲግጡ ከመኪና መስኮት ይታያሉ። ሜዳው ሲያልቅ ወንዙ ይመጣል፤ ፏፏቴውም፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያሉት የድንኳን መትከያ ቦታዎችም እዚያው ወንዙ ዳር ናቸው።

ቦታዎቹ እጅግ ቀላል ናቸው። ጥላ አለ፣ ደልዳላ መሬት አለ፣ የወንዝ ድምፅ አለ። ከዚያ ያለፈ ነገር የሚጠብቅ ሰው ሎጅ ቢፈልግ ይሻለዋል። ውሃ፣ መብራት፣ ምግብ፣ መጸዳጃ፣ ሁሉም በአዳሪው ጫንቃ ላይ ነው። ዕቃውን አስቦ መጫን ከባድ አይደለም። ከባዱ ወንዙን ማወቅ ነው። ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው የሚተኛው ከላይ በሚኖሩና ከታች በሚኖሩ ሰዎች መካከል ነው። ከላይ የዘነበው፣ የታጠበውና የተደፋው በድንኳኑ አጠገብ ያልፋል፤ እሱ የጣለው ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። የዚህ ዝግጅት ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በጊንጪ አካባቢ ካሉ ደጋዎች ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። በመንገዱ በአቃቂ ወንዝ በኩል የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይቀበላል። ከዚያ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀ ሲሆን ከሀገሪቱ ቀደምት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ከግድቡ በታች የወንጂ፣ ከዚያም ከፓርኩ ጋር የሚጎራበተው የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ከወንዙ ይጠጣሉ። እንግዲህ በፓርኩ ውስጥ ከድንኳን ደጃፍ የሚታየው ቡናማ ውሃ ደጋን፣ ከተማን፣ ፋብሪካንና እርሻን አልፎ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጎርፍ እንነጋገር፤ ሌላው ስሕተት ሁሉ ሊታረም ይችላል፣ ይኼኛው ግን ጊዜ አይሰጥም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በድሬዳዋ የሆነውን ብዙ አድማጮች ያስታውሱታል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ በዳርቻው ቤት ይሠራበታል። በዚያች ሌሊት ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች የጣለው ኃይለኛ ዝናብ በአሸዋው ላይ በድንገት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። ጎርፉ ሕዝቡን ያገኘው በእንቅልፉ ነው። ውሃው የመጣው ሰዎቹ ከተኙበት ሰፈር ሳይሆን ዝናቡን ካላዩበት ተራራ መሆኑ ጉዳቱን አከፋው።

በአዋሽም ነገሩ የተለየ አይደለም። መተሐራ ቆላ ነው፤ ዝናቡ ትንሽ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ሲታዩ ማንም ስለ ጎርፍ አያስብም። በዚያው ሌሊት ግን በሸዋና በአርሲ ደጋዎች ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደ ሊሆን ይችላል። የቆቃ ግድብ ብዙውን ጎርፍ ይገታል። ሐይቁ ሲሞላ ግን ውሃ መልቀቅ ግድ ይሆናል። ከግድቡ በታች ከአርሲ በኩል የሚገቡት እንደ ቀለጣ ያሉ ገባሮችም በግድቡ አይገቱም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር ክልል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀዬአቸው አፈናቅሏል።

ታዲያ ድንኳን የሚተክል ሰው በምን ያውቃል? ወንዙ ራሱ የጻፈው ምልክት አለ። ዳር ላይ ያሉትን ዛፎች ቀና ብሎ ማየት ነው። በቅርንጫፍ ላይ የተጠላለፈ ደረቅ ሣር፣ ጭራሮ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ በግንድ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ካለ ውሃው እዚያ ድረስ ወጥቶ ያውቃል ማለት ነው። ድንኳኑ ከዚያ መስመር በላይ መሆን አለበት። ከወንዝ ጋር የሚገናኝ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ፣ ለስላሳ አሸዋው የቱንም ያህል ቢያማልል፣ አይተኛም። ከድንኳኑ ወደ ኋላ፣ ወደ ከፍታው የሚያስወጣ መንገድ በቀን ብርሃን ተረግጦ መታወቅ ይኖርበታል፤ ሌሊት በባትሪ መብራት መውጫ መፈለግ አደገኛ ነው። መኪናም ቢሆን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይቆማል።

ውሃው መውጣት ሲጀምርም ይናገራል። ቀለሙ ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጉማጅ ይዞ ይመጣል፣ ድምፁ ይወፍራል። አመሻሹ ላይ ውሃው ዳር አንድ ዘንግ መትከልና ከመተኛት በፊት መጠኑን ማየት ወጪ የለውም። በፍጥነት የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ኖሮት አዋቂ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ዕቃ ለማዳን ተብሎ ወደ ጎርፍ አይገባም፤ ድንኳን ይተካል።

ከጎርፉ ቀጥሎ የውሃው ንጽሕና ይመጣል። ከላይ እንደተባለው አዋሽ ወደ ፓርኩ የሚደርሰው የአቃቂን ወንዝ ተቀብሎ፣ በሞጆ ከሚገኙ የቆዳ ፋብሪካዎች አካባቢ የሚወርደውንም ውሃ ቀላቅሎ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ኬሚካል ግን አያስወግድም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ከመሬት በሚወጣ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለዓመታት የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ይበልዛል፣ አጥንታቸው ይጎዳል። ውሃው ሲፈላ ፍሎራይዱ አይተንም፣ የቀረው ውሃ ላይ ይጠራቀማል እንጂ። ለአንድና ለሁለት ሌሊት የመጣ ሰው በዚህ አይታመምም። ቢሆንም የመጠጥ ውሃን ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ በጀሪካን ይዞ መምጣት ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ ነው። በቆላ ሙቀት አንድ ሰው በቀን ለመጠጥ ብቻ ከአራት ሊትር በታች ባያስብ ይመረጣል፤ ምግብ ማብሰያውና መታጠቢያው ሌላ ነው።

ሙቀቱ ሲበረታ ወንዝ ውስጥ መግባት ያምራል። እዚህ ላይ የሚከለክሉ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው አዞ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ሁለተኛው የማይታይ ነው፤ ቢልሃርዝያ ይባላል።

የቢልሃርዝያ ጉዞ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የወንዝ ታሪክ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ሽንቱን ሲሸና የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። የተፈለፈለው ትል በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎችን ይጠጋል፣ በእነሱ ውስጥ ይባዛል፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። በአዋሽ ተፋሰስ በሽታው ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በሸንኮራ እርሻዎቹ ቦዮች አካባቢ አንጀትን የሚያጠቃው፣ በመካከለኛው አዋሽ ረግረጎች ደግሞ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት ተመዝግቧል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ዝግ ያለና ሣር የበዛበት ውሃ ነው፤ ለመታጠብ የሚመቸው ጥግም ብዙ ጊዜ ያው ነው።

በዚህ ጉዳይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሥራ ሳይነሣ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ በወንዝ ዳር ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። እናቶቻችን ለዘመናት ነጠላና ጋቢ ያነጹበት ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ ይገድል ነበር። ያ ምልከታ የዓመታት ምርምር ወለደ፤ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም የእሳቸው ጥረት ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል በሚል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ። ሁለት የውሃ ክፍሎችን፣ ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን፣ አስተያይቶ ማየት ይህን ያህል ርቆ ይሄዳል። እንዶድ ዓሣም እንደሚገድል መታወቅ አለበትና ማንም ተነሥቶ ወንዝ ውስጥ ይርጨው ማለት አይደለም።

ወንዝ ውስጥ ገብቶ የነበረ ሰው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የቆዳ ማሳከክ ወይም ደም የቀላቀለ ሽንትና ሰገራ ቢያይ ለሐኪሙ "ወንዝ ገብቼ ነበር" ብሎ መናገር አለበት። መድኃኒቱ አለ፣ ይሠራልም፤ የሚያስቸግረው ሳይጠረጠር መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ እንስሳቱ። በአዋሽ አዞም ጉማሬም አለ። አዞ ውሃ ዳር የሚመጣን እንስሳ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል፤ በተለይ አመሻሽና ሌሊት። ስለዚህ ዕቃ ለማጠብ ውሃው ጠርዝ ላይ አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ውሃ መቅዳትም አይመከርም። ጉማሬ ደግሞ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይግጣል። የሚወጣውም የሚመለሰውም በለመደው መንገድ ነው። ዳገቱን ሰንጥቆ የወጣ፣ በእንስሳ እግር የተቦረቦረ ሰፊ ዱካ ከታየ ድንኳን ከዚያ ይራቅ። ጉማሬ የሚደነግጠው ከውሃው የሚለየው ነገር መሃል ሲገባበት ነው፤ ሲደነግጥ ደግሞ ያ ከባድ አካሉ ከሰው ሩጫ ይፈጥናል።

ዝንጀሮዎቹን ግን ብዙ ጎብኚ ንቆ ያልፋቸዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አዋሽ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የገባበት አንዱ ምክንያት እነሱ ናቸው። ከፏፏቴው በላይ፣ በወንዙ ዳር ደን ውስጥ የሚኖሩት ቡናማዎቹ ዝንጀሮዎች ሌሊት ዛፍ ላይ ይተኛሉ፤ መንጋቸው ወንዱም ሴቱም የተቀላቀለበት ነው። ከፏፏቴው በታች፣ በገደሉ ውስጥ ያሉት ደግሞ ወንዶቻቸው ብርማ ጋማ የሚያወጡት የበረሃ ዝንጀሮዎች ናቸው። የሚያድሩት በገደል ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ወንድ ጥቂት ሴቶችን አስከትሎ አይለይም። ሁለቱ ወገኖች በሚገናኙበት በፏፏቴው አካባቢ ይዳቀላሉ፤ መልካቸውም ጠባያቸውም መሃል ላይ የሆኑ ዲቃሎች ይታያሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚህ እየተመላለሱ አጥንተዋቸዋል። ማለዳ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ፏፏቴው አጠገብ በጸጥታ የተቀመጠ ሰው በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት ዓይነት ኑሮ ሲጎራበት በዓይኑ ማየት ይችላል።

እነሱን መመገብ ግን ክፉ ሥራ ነው። ከሰው እጅ ሙዝና ዳቦ የለመደ ዝንጀሮ በኋላ ድንኳን ይቀዳል፣ ሕፃን ያስደነግጣል፣ በመጨረሻም ራሱ ይጎዳል። ምግብ ሁሉ ክዳን ባለው ሣጥን፣ ሣጥኑም መኪና ውስጥ ያድራል። ጦጣዎቹም ከዝንጀሮዎቹ ያልተናነሰ ቅልጥፍና አላቸው። ሌሊት ደግሞ ጅብ የሥጋ ሽታ ተከትሎ ይመጣልና የበላንበትን ሰሐን ውጭ ትቶ መተኛት አይገባም።

ለዚህ ሁሉ ትልቁ ዋስትና የፓርኩ ስካውት ነው። ስካውቱ የአካባቢው ልጅ ነው፤ የጉማሬውን መንገድ ያውቃል፣ ባለፈው ክረምት ውሃው የት እንደደረሰ ያውቃል፣ የሰማው ጩኸት የምን እንደሆነ ይለያል። ድንኳን ከመተከሉ በፊት "ጋሼ፣ የት ብናደርገው ይሻላል?" ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። እሱም ሌሊቱን አብሮ ያድራልና እራትና ብርድ ልብስ ሲታሰብ አይረሳ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የወባ ትንኝ ይመጣል። የካምፑ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት በአብዛኛው ወባማ ነው። ዋናው ወቅት ክረምቱ አልፎ ውሃው የሚያቁርበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው፤ ለካምፕ የሚመቸው ወቅትም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የድንኳኑ መረብ ያልተቀደደ፣ ዚፑ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ ውጭ የሚተኛ ሰው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዘርጋ። እጅጌ ረጅም ልብስና ካልሲ ከማምሻው ጀምሮ ይለበሳል። ከጉዞው በፊት ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴቶችና ከደጋ ወይም ከውጭ ሀገር የመጡ ሕፃናት። የወባ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተነከሱ ከ10 እስከ 15 ቀን በኋላ ነውና፣ ቤት ገብቶ ሥራ ከጀመሩ ወዲያ የሚመጣን ትኩሳት ጉንፋን ነው ብሎ መተው አደጋ አለው።

እስካሁን የተነገረው ከላይ ወደ አዳሪው ስለሚመጣው ነበር። እሱስ ወደ ታች ምን ይልካል? ከፓርኩ ዙሪያ ከረዩና ኢቱ ኦሮሞዎች፣ ከታች ደግሞ አፋሮች ይኖራሉ። ከብታቸውንና ግመላቸውን የሚያጠጡት፣ በብዙ ቦታም ራሳቸው የሚጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም የተከለለው መሬት የአርብቶ አደሩ ግጦሽ ነበር። ይህን ያወቀ እንግዳ ሳሙና ይዞ ወንዝ ውስጥ አይቆምም። ሰሐንና ገላ የሚታጠበው ውሃ ተቀድቶ፣ ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ተርቆ ነው። ታጥቦ የተረፈው ውሃ በደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ይደፋል፤ አፈሩ ያጣራዋል።

መጸዳጃም እንደዚሁ ነው። ለመናገር ያሳፍር ይሆናል፣ ሆኖም ቢልሃርዝያን የሚያዞረውም ተቅማጥን የሚያሰራጨውም ይኼ ነው። ትንሽ ዶማ ወይም አካፋ ከዕቃው ጋር ይጫናል። ከውሃው፣ ከመንገዱና ከድንኳኑ 60 ሜትር ርቆ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በኋላም በአፈር ይደፈናል። የመጸዳጃ ወረቀትና የሕፃን ዳይፐር አይቀበርም፤ ዝንጀሮና ጅብ ያወጡታል። በከረጢት ታሽጎ ከቆሻሻው ጋር ይመለሳል። ደረቅ ሸለቆ መጸዳጃ አይደረግም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ወንዝ ይሆናልና።

ስለ እሳት። ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፤ የወደቀው ግንድም ቢሆን የነፍሳትና የእንሽላሊት ቤት ነው። ከሰልና ማንደጃ ወይም የጋዝ ምድጃ ይዞ መምጣት ይሻላል። ቡናውም ቢሆን በከሰል ሲፈላ ነው ወጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ደርቆ ሲቆም አንዲት ፍንጣሪ ሜዳውን ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ ማንደጃው ሣር በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ይቀመጣል። ፍሙን አፈር አልብሶ መሄድ አይበቃም፤ ከሥር ለሰዓታት ይጋያል። ውሃ ይፈስበታል፣ ይማሰላል፣ እንደገና ይፈስበታል፤ አመዱ በእጅ መዳፍ ሲዳሰስ መቀዝቀዝ አለበት።

ወደ አዋሽ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቀን ከመቁረጡ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውሎ መንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቅ። በፓርኩ ውስጥ የቆመው ፈንታሌ፣ 2,007 ሜትር የሚረዝመው እሳተ ገሞራ፣ አልሞተም። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአካባቢው ምድር ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ፣ መሬት ተሰንጥቆ፣ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተደርጎ ነበር። ወቅቱ ሲመረጥ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይሻላል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑም አይከፋም። ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ወንዙ የሚሞላበት ጊዜ ስለሆነ ከዳርቻው መራቅ ነው። ደውለው ሲጠይቁ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንዳይዘነጋ፦ ቆቃ በዚያ ሳምንት ውሃ እየለቀቀ ነው ወይ?